የኤንጂንኤክስ ፓኬጅ በፍሪቢኤስዲ ፖርትስ፦ ችግርና መፍትሄ

በፍሪቢኤስዲ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የፖርትስ ስብስብ (ፕሮግራሞች ከምንጭ ኮዳቸው ተገንብተው ፓኬጅ የሚሆኑበት፤ የእያንዳንዱ ፕሮግራም የግንባታ መመሪያ ፖርት ይባላል) ውስጥ ኤንጂንኤክስ የተባለውን የዌብ ሰርቨር ፓኬጅ ለሚይዝ ሰው፣ የስህተት መልእክት ሲመጣ መልእክቱን ዝም ማሰኘት ቀላል፣ ምክንያቱን ማግኘት ግን አድካሚ ነው። ፓኬጁ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚጫን በመሆኑ አድካሚውን መንገድ መምረጥ ግዴታ ነው።

የማረጋገጫ ድምሩ አልገጥም ሲል

ግንባታው ገና ሲጀመር፣ የወረደው ፋይል የሻ256 ድምር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) በዲስትኢንፎ፣ ማለትም የፋይሎቹ ድምርና መጠን በተጻፈበት የፖርቱ ፋይል፣ ከተመዘገበው ጋር እንደማይገጥም ተገልጾ ሥራው ይቆማል። በዚህ ጊዜ «ሜክ ሜክሰም» ብሎ ድምሩን በአዲስ መተካት ከሁሉ የከፋው መፍትሄ ነው፤ ድምሩ የተመዘገበው የተለወጠ ፋይል ሳይታወቅ እንዳያልፍ ነውና። በቅድሚያ የፋይሉ መጠን በዲስትኢንፎ ከተጻፈው ጋር ይመሳከር። ማውረዱ ተቋርጦ ፋይሉ ጎዶሎ ከሆነ፣ አጥፍቶ እንደገና ማውረድ ይበቃል። ፋይሉ ሙሉ ሆኖ ድምሩ ከተለየ ግን ምንጩ ይታይ። የኤንጂንኤክስ ዋናው ኮድ ከፒጂፒ ፊርማ (ፋይሉ በእርግጥ ከአዘጋጆቹ መምጣቱን ከሚያሳይ ዲጂታል ፊርማ) ጋር ስለሚወጣ በፊርማው ይረጋገጣል።

ከውጭ የሚጨመሩት ሞጁሎች (ለሰርቨሩ ተጨማሪ ችሎታ የሚሰጡ ክፍሎች) ኮድ በአብዛኛው የሚመጣው ጊትሃብ የተባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ በጠየቁት ጊዜ አምቆ ከሚሰጣቸው ፋይሎች ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ጊትሃብ የማመቂያውን መንገድ በለወጠ ጊዜ፣ በውስጣቸው ያለው ኮድ ሳይነካ የብዙ ፋይሎች ድምር ተቀይሮ በልዩ ልዩ የፓኬጅ ሥርዓቶች ግንባታ ተቋርጦ ነበር፤ ለውጡም ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። እንዲህ ያለውን ከእውነተኛ ለውጥ ለመለየት፣ በፍሪቢኤስዲ የፋይል መጋዘን የሚገኘውን የቀድሞ ቅጂና አዲሱን ሁለቱንም ፈትቶ ልዩነት በሚያሳየው በዲፍ ፕሮግራም ማወዳደር ያስፈልጋል። ልዩነት ከሌለ ድምሩ ይታደስ፤ ካለ ግን የኮዱ ባለቤት ምክንያቱን እስኪገልጽ ድረስ ፖርቱ ባለበት ይቆይ።

ፓች አልገባ ሲል፣ የፋይል ዝርዝሩም ሳይስማማ ሲቀር

ፓች (በዋናው ኮድ ላይ የሚጨመር ማስተካከያ) የማይገባው በአዲሱ እትም ዙሪያው ያለው ኮድ ስለተለወጠ ነው። ማስተካከያው በዋናው ኮድ ተካትቶ ከሆነ ፓቹ ይሰረዝ፤ ካልተካተተ ቦታው በእጅ ተስተካክሎ በ«ሜክ ሜክፓች» እንደገና ይውጣ። ፓኬጁ የሚጭናቸው ፋይሎች የሚመዘገቡበትን ዝርዝር ጉድለት ደግሞ «ሜክ ቼክ-ፕሊስት» ያሳያል። የኮንፊገሬሽን ፋይል ግን እንደ ተራ ፋይል በዝርዝሩ ከገባ የተጠቃሚውን ሥራ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ናሙናው ብቻ ተጭኖ በ«ሳምፕል» ቁልፍ ቃል ይመዝገብ።

ሪሎድ የተሳካ መስሎ ለውጡ ሳይታይ ሲቀር

ለተጠቃሚዎች እጅግ አሳሳች የሆነው ይህ ነው። ፓኬጁ ከ1.24.0 ወደ 1.26.0 ተዘምኗል እንበል፤ አስተዳዳሪው ኮንፊገሬሽኑን አሻሽሎ ይፈትሻል፣ ፍተሻው «ትክክል ነው» ይላል፣ ሪሎድ ያደርጋል (ሰርቨሩ ሳይጠፋ ኮንፊገሬሽኑን እንደገና እንዲያነብ ያዛል)፣ ምንም ስህተት በስክሪኑ ላይ አይታይም፤ ሆኖም ሰርቨሩ በቀድሞው ኮንፊገሬሽን መሥራቱን ይቀጥላል። ፍሪቢኤስዲ ፓኬጅ ሲያዘምን፣ ካልታዘዘ በቀር አገልግሎቱን አጥፍቶ አያስነሳም፤ ስለዚህ ፍተሻውን የሚያደርገው በዲስኩ ላይ ያለው አዲሱ ፕሮግራም ሲሆን፣ ሪሎዱን የሚቀበለው ግን ከዝመናው በፊት የተነሣው አሮጌው ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም) ነው። አሮጌው ፕሮሰስ አዲሶቹን ሞጁሎች ሊጭን ሲሞክር እትማቸው ስለማይገጥመው ሪሎዱን ይተወዋል፤ ይህንንም የሚናገረው በስህተት ሎጉ ውስጥ ብቻ ነው።

በሎጉ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው የሞጁሉ፣ ሁለተኛው የሰርቨሩ እትም ነው። «1026000 በ1024000 ፈንታ» (ማለትም 1.26.0 በ1.24.0 ፈንታ) የሚል ከሆነ ሞጁሉ አዲስ፣ ፕሮሰሱ አሮጌ ነው፤ መፍትሄውም አገልግሎቱን አጥፍቶ ማስነሣት፣ ወይም ግንኙነት ሳይቋረጥ ፕሮግራሙን ለመተካት በአገልግሎቱ ስክሪፕት ያለውን «አፕግሬድ» መጠቀም ነው። ፓኬጁን የሚይዘው ሰው ይህን በፓኬጁ መልእክት ውስጥ፣ በዝመና ጊዜ እንዲታይ አድርጎ መጻፍ አለበት።

ቁጥሮቹ ተገላብጠው ሞጁሉ ካነሰ ጥፋቱ የተጠቃሚው ላይሆን ይችላል። ለብቻው ፖርት ያለው ሞጁል ሰርቨሩ ሲዘመን አብሮ አልተገነባም ማለት ነውና የዚያ ፖርት ፖርትሪቪዥን (እትሙ ሳይቀየር ፓኬጁ መለወጡን የሚያሳይ ቁጥር) በአንድ ከፍ ይበል። እትሙ አንድ ሆኖ ሞጁሉ «አይጣጣምም» ከተባለ፣ ሁለቱ በተለያዩ አማራጮች ስለተገነቡ በአንድ ዓይነት አማራጭ እንደገና ይገንቡ።

ዝመናው ለተጠቃሚው ሳይደርስ ሲቀር

የሚወጣውን ፓኬጅ በማንኛውም መንገድ የሚለውጥ ማስተካከያ ፖርትሪቪዥን ያስጨምራል፤ አዲስ እትም ሲገባ ደግሞ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ችግር ያለበትን እትም ትቶ ወደ ቀድሞው መመለስ ግድ ከሆነ፣ የፓኬጅ ሥርዓቱ ያነሰውን ቁጥር እንደ አዲስ ስለማይቆጥረው ፖርትኢፖክ (ከእትሙ ቁጥር ቀድሞ የሚነጻጸር ቁጥር) ይጨመራል። በኤንጂንኤክስ ፓኬጅ ስም መጨረሻ ከነጠላ ሰረዝ በኋላ የሚታየው 3 ይኸው ነው፤ አንዴ ከጨመረ በኋላም አይቀነስም፣ አይሰረዝምም።