ያረጀ ፋብሪካን የእንግዳ ማረፊያ ስታደርጉ ከግድግዳው ጀምሩ

በጡብ የተሠራ አሮጌ ፋብሪካ ወይም መጋዘን አግኝታችሁ የእንግዳ ማረፊያ ልታደርጉት አስባችኋል እንበል። ንድፍ ከማሠራታችሁ በፊት ዝናብ የሚጥልበትን ቀን ጠብቁ። ጠመኔ ይዛችሁ ግቡ። ውሃ የሚያስገባውን፣ የወዛውን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉበት። ያ ምልክት የመጀመሪያው የሥራ ዝርዝራችሁ ነው።

ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። መጀመሪያ የሠራሁትን መጋዘን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ልስልስ ያለ፣ ዓይን የሚስብ ሥራ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ከአንዱ አልጋ ራስጌ ነጭ ዱቄት ብቅ አለ። በጣቴ ስነካው እንደ ጨው ፍርፍር አለ። ቀጥሎ ልስኑ አበጠ። መታ መታ ሳደርገው ውስጡ ባዶ መሆኑ ይሰማል። ስናነሳው የጡቡን ፊት ገሽልጦ ወረደ። በጣም አዘንኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ጡብ ብዙ ጊዜ የተያያዘው በኖራና በአሸዋ ነው። ኖራ እርጥበቱን ይቀበላል፣ መልሶም ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። መውጫ ያጣ ውሃ ጡቡን ይበላዋል። ስለዚህ ጣራውንና አሸንዳውን ቀድማችሁ ጠግኑ። ግድግዳው በደንብ ይድረቅ። ከዚያ በኖራ ለስኑት፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ፣ አንዱ ሳይጠና ሌላውን ሳትደርቡ። ቀስ ይላል፤ አትቸኩሉበት።

አፍርሶ በአዲስ መሥራት ይቀላል የሚል ሰው አይጠፋም። ሲሚንቶ ማምረት ብቻውን ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ገደማ ነው። የቆመው ግድግዳ ጭሱ ድሮ ወጥቷል። ካፈረሳችሁት አዲሱን ለመሥራት ሁለተኛ ታጨሳላችሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የቆየ የጣራ ክዳንና የቧንቧ መሸፈኛ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ፣ ቃጫ መሰል ማዕድን) ሊኖርበት ይችላል። አትቁረጡት፣ አትብሱት። ናሙናውን ባለሙያ ወስዶ ያስመርምር። አሮጌ ቀለምም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አያጣውም፣ በደረቁ አትፋቁት።

ክፍል ስትከፋፍሉ አልጋውን ወደ መስኮቱ፣ መታጠቢያውንና ዕቃ ቤቱን ወደ ጨለማው መሐል። መታጠቢያዎቹ ፎቅ ለፎቅ ይደራረቡ፣ ቧንቧ ይቆጥባል። ከየፎቁ ሁለት የእሳት መውጫ ይኑር። ሕንጻው መኝታ አልሆን ካለ አታስገድዱት። ቻይና ያንግሹዎ ውስጥ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ የስኳር ፋብሪካ ሆቴል ሲሆን፣ አሮጌው ክፍል ለእንግዳ መቀበያና ለባር ዋለ፤ መኝታው አጠገቡ በተሠራ አዲስ ሕንጻ ገባ። በጣም የምወደው ውሳኔ ነው።

የድንጋይ ደረጃ ካለው መሐሉን እዩት። ሠራተኛው ለዓመታት ሲወጣ ሲወርድ ጎድጉዷል። አትሙሉት። የእጅ መደገፊያ አድርጉለት፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ትንሽ መብራት፣ እንግዳው ማታ እንዳይሰናከል።