ለሰርቨር ስንት ቪኤ ዩፒኤስ ይበቃል? ደብረ ብርሃን ላላችሁ

የዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) ካርቶን ላይ 1000 ቪኤ (ቮልት ሲባዛ በአምፒር) ስላለ 1000 ዋት ይሸከማል ብላችሁ እንዳትገዙ፣ እኔ እንደዛ ብዬ ነው የተሸወድኩት። ርካሾቹ ላይ ፓወር ፋክተሩ (ከቪኤው ዋት የሚሆነው ድርሻ) 0.6 አካባቢ ስለሆነ 1000 ቪኤ የሚለው የሚችለው 600 ዋት ነው። ከጀርባው ዋቱን ፈልጋችሁ አንብቡ፣ ሻጩ እንደሆነ ቪኤውን ብቻ ነው የሚጠራላችሁ።

መጀመሪያ ሰርቨሩ የሚበላውን እወቁ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 500 ዋት የተጻፈው ጣሪያው ነው፣ ሁሌ ይበላዋል ማለት አይደለም። ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋት ሜትር ካገኛችሁ ሥራ በበዛበት ሰዓት ለኩት፣ ጠባሴ ያለው የኛ ቢሮ ሰርቨር 220 ዋት ነው የወጣው፣ ስዊችና ራውተር 30፣ ስክሪን 20፣ ባጠቃላይ 270። እዛ ላይ ሩቡን ጨምሩበት፣ 340 ገደማ ይመጣል። ሌዘር ፕሪንተር ግን በፍጹም እንዳትሰኩበት፣ ሲሞቅ የሚስበው ዩፒኤሱን ድርግም ያደርገዋል።

አሁን 650 ቪኤ 390 ዋት ስለሚችል ይበቃኛል ልትሉ ነው አይደል? ዋቱማ ይበቃል፣ ደቂቃው ነው የማይበቃው። ውስጡ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው፣ 12 በ7 ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት፣ ለ270 ሲካፈል 18 ደቂቃ ይላል ሒሳቡ፣ ግን ሊድ አሲድ ባትሪ ባንዴ ብዙ ሲሳብበት ግማሹንም ላይሰጣችሁ ይችላል። ጀነሬተር ካላችሁ ዘበኛው ሄዶ እስኪያስነሳው፣ ከሌላችሁ ደግሞ ሰርቨሩ በሰላም ሹት ዳውን እስኪያደርግ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያዙ፣ ስለዚህ ሁለት ባለ 9 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለውን 1500 ቪኤ ነው የምመክረው። የዩኤስቢ ገመዱን ሰርቨሩ ላይ ሰክታችሁ ሶፍትዌሩን ጫኑ፣ ሌሊት መብራት ሲሄድ ማን ሊያጠፋው ነው? አዳዲስ ሰርቨር ከሆነ ደግሞ ፑር ሳይን ዌቭ (በባትሪም ሲሠራ እንደ ግድግዳው መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣ) የሚለውን ፈልጉ።

የኛ አገር ብርድም አለ። የባትሪው አቅም የሚለካው 25 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ባትሪው 0 ሲጠጋ ከአምስት አንዱን ያህል ያጣል፣ ስለዚህ መስኮት ስር ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡት። ከተማው ከ2700 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩም ስስ ነው፣ ፋኑ እንደ ቆላ አያቀዘቅዝም፣ ማኑዋሉ ላይ የከፍታ ገደቡን እዩ።

ገዝታችሁ ስትገቡ ሰርቨሩን ወዲያው አትስኩ፣ ሌሊቱን ቻርጅ አድርጋችሁ ጠዋት ሦስት የድሮ ባለ 100 ዋት አምፖል በዲቫይደር ሰክታችሁ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀሉና ሰዓት ያዙ፣ 10 ደቂቃ ካልሞላ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ሱቁ።