ቤት ፍለጋው ሲረዝም ሳይሰለቹ እንዴት መዝለቅ ይቻላል?

14ኛውን ቤት አይቼ ስወጣ ደላላው “ይሄስ እንዴት ነው?” አለኝ። መልስ አጣሁ። ቤቱን ጠልቼው አይደለም፤ ከሦስት ቀን በፊት ካየሁት ጋር ተምታቶብኝ ነው። ሰፊው በረንዳ የዚህኛው ነው የዚያኛው? ማታ ለባለቤቴ ላስረዳት ስሞክር ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን። በማግስቱ ደላላው ሲደውል ስልኩን አላነሳሁም።

ያኔ የደከመኝ ቤት ስላጣሁ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ልቤን ያወለቀው በየጊዜው ከዜሮ መጀመሬ ነው። አንድ ቤት አይቼ ስመለስ እጄ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ስለዚህ ከታች የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር፣ የማትገዙት ቤት እንኳ የሆነ ነገር ትቶላችሁ እንዲያልፍ የማድረጊያ ዘዴ ነው።

1. መጀመሪያ ኪሳችሁን እወቁ

ከአቅም በላይ የሆነ ቤት እያዩ መዋል ወኔ ይገድላል። ከዚያ በኋላ የምትችሉት ቤት ሁሉ ያስጠላችኋል። በብድር የምትገዙ ከሆነ ቤት ማየት ሳትጀምሩ ባንኩ ምን ያህል እንደሚፈቅድላችሁ ጠይቁ። በዋጋው ላይ የስም ማዛወሪያውን፣ ግብሩን፣ የደላላውን፣ የእድሳቱንና የጓዝ ማጓጓዣውን ደምሩ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው እነዚህን ነው።

ደግሞ ባንክ የሚፈቅደውና እናንተ ሳትጨነቁ የምትከፍሉት ለየቅል ናቸው። ይህን ለማወቅ ቀላል ልምምድ አለ። አሁን በምትከፍሉት ኪራይና ወደፊት በሚመጣው ወርሃዊ ክፍያ መካከል ያለውን ልዩነት ለሦስት ወር በየወሩ ለብቻው አስቀምጡ። ወሩ በሰላም ካለፈ ትችላላችሁ። ካልሆነ የዋጋ ጣሪያችሁን ዝቅ አድርጉ። በሁለቱም መንገድ ለቅድሚያ ክፍያው የምትጨምሩት ገንዘብ ተጠራቅሟል፤ ቤቱ ባይገኝም የሆነ ነገር ወደፊት እየሄደ ነው።

2. “የግድ” የምትሉትን ለየብቻ ጻፉ

ከትዳር አጋር፣ ከእህት ወይም ከእናት ጋር የምትገዙ ከሆነ አንድ ወረቀት ላይ አብራችሁ አትጻፉ። እያንዳንዳችሁ ለብቻ፣ ሳትተያዩ፣ ከአራት የማይበልጡ “የግድ” ነገሮችን ጻፉና ከዚያ አስተያዩ። እኛ ይህን ያደረግነው ፍለጋው ከተጀመረ ከስድስት ወር በኋላ ነው። የእኔ ቁጥር አንድ ለሥራ ቦታ መቅረቡ ነበር። የእሷ የጠዋት ፀሐይ። ስድስት ወር ሙሉ አብረን እየዞርን የተለያየ ቤት ስንፈልግ ከርመናል!

አራት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዝርዝሩ ሲረዝም የሚያሟላው ቤት ይጠፋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የወሰደው ኸርበርት ሳይመን ሰው እንዴት እንደሚወስን ሲያጠና አንድ ነገር አስተውሏል። ሰው ያለውን አማራጭ ሁሉ መርምሮ ምርጡን አያወጣም፤ “ይህን ካሟላ ይበቃኛል” የሚል መስፈርት ያስቀምጥና የሚያሟላውን ሲያገኝ ይይዛል። ቤት ፈላጊ ግን መስፈርቱን በየሳምንቱ ከፍ ያደርጋል። ትናንት ያየው ቤት ግቢው ጥሩ ነበር፣ ዛሬ ያየው ኩሽናው፤ ነገ ሁለቱንም በአንድ ቤት ይፈልጋል።

3. ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው። ትንሽ ደብተርና የሜትር መለኪያ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ሁሉም ነገር ስልክ ላይ ይሁን የሚል ሰው ካለ አልጣላም፣ እኔ ግን ደብተር ይሻለኛል።

ለእያንዳንዱ ቤት ቅጽል ስም ስጡት። “ባለ ደረጃው”፣ “ውሻው ያለበት”፣ “ሰማያዊ በር”። አድራሻ ይምታታል፣ ቅጽል ስም አይምታታም። ፎቶ ስታነሱ የመጀመሪያው ሁልጊዜ የውጭው በር ይሁን፤ ማታ ስትገላልጡ ከየት እስከ የት የማን እንደሆነ ይገባችኋል።

ውስጥ ስትገቡ በውበቱ ከመመሰጣችሁ በፊት እነዚህን እዩ። የኩሽናውንና የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ አንድ ላይ ክፈቱና ውኃው ይዳከም እንደሆነ ተመልከቱ። ከመታጠቢያ ቤቱ በታች ያለ ክፍል ካለ ቀና ብላችሁ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ እድፍ ፈልጉ። የግድግዳው ታችኛ ክፍል ቀለሙ ከተላጠ እርጥበት ሊሆን ይችላል። አንዱ ግድግዳ ብቻ ትኩስ ቀለም ከተቀባ “ለምን?” በሉ። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወርድ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ ባለሙያ ሳያየው ወደ ዋጋ አትግቡ። ከዚያ መለኪያውን አውጡ። አንድ ቤት በጣም ወድደን ነበር፤ ስንለካ ፍሪጃችን የሚቆምበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። እዚያ ሲቆም ደግሞ የኩሽናው በር ግማሽ ድረስ ብቻ ይከፈታል። በዓይን ስናየው አልታየንም።

ወጥታችሁ ሳትርቁ ሦስት መስመር ጻፉ። የወደድኩት፣ የጠላሁት፣ ይህ ቤት ያስተማረኝ። ሦስተኛው መስመር ነው ዋናው። “ለካ መንገድ ዳር መኝታ ክፍል አልወድም” ብላችሁ ከጻፋችሁ ያ ቀን ውኃ አልበላውም። አሥር ገጽ ሲሞላ መለስ ብላችሁ አንብቡ። የምትፈልጉት ቤት መልክ ማውጣት ይጀምራል። ደላላውንም “ይህንና ይህን አታሳየኝ” ማለት ትችላላችሁ፤ እሱም ያርፋል።

4. በቀን ከሦስት በላይ አትዩ

አራተኛው ላይ ዓይን አዋጅ ይሆናል። ቤት የምታዩበትን ቀን ወስኑ፤ በሌሎቹ ቀናት የቤት ማስታወቂያ አትክፈቱ። በተለይ አልጋ ላይ ሆናችሁ።

5. መቼ “በቃ ይሄ ነው” እንደምትሉ አስቀድማችሁ ወስኑ

የሒሳብ ሰዎች ተራ በተራ ከሚመጡ አማራጮች አንዱን ስለመምረጥ የታወቀ መፍትሔ አላቸው። ከጠቅላላው የመጀመሪያዎቹን 37 በመቶ ያህል ለማወቂያ ብቻ እያያችሁ ታልፋላችሁ። ከዚያ በኋላ ከእነዚያ ሁሉ የሚበልጥ መጀመሪያ ያገኛችሁትን ትይዛላችሁ። 30 ቤት ለማየት ካሰባችሁ 11 ያህሉ ትምህርት ቤት ናቸው ማለት ነው።

እውነተኛው ኑሮ እንደ ሒሳቡ አይደለም። ሒሳቡ ያለፈ ቤት አይመለስም ይላል፤ በተግባር ግን ደውላችሁ “አለ እንዴ?” ማለት ትችላላችሁ። አምስተኛው ቤት ሁሉንም “የግድ” ካሟላም ዝም ብላችሁ አትለፉት። ለእኔ የጠቀመኝ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ ባዶ እጅ መመለስ የሥራው አካል እንደሆነ ሲገባኝ ብስጭቱ ቀነሰ። ደላላው “ዛሬ ካልያዛችሁ ነገ የለም” ሲልም ልቤ አልራደም።

6. የወደዳችሁት ቤት ሲያመልጥ

ያማል። እኛ በአንድ ቀን ልዩነት የተወሰደብን ቤት ነበር፤ መጋረጃውን ሳይቀር በሐሳባችን ሰቅለን ጨርሰን ነበር። ሁለት ቀን እዘኑ። ከዚያ ሻጩን ወይም ደላላውን “ገዢው ከተወው መጀመሪያ ለእኔ ደውሉልኝ” በሉት። ብድር ተከልክሎ ወይም ሰነድ ጎድሎ የሚፈርስ ሽያጭ አለ።

በዚያ ሳምንት ሁለት ነገር አታድርጉ። የዋጋ ጣሪያችሁን አታንሱ፤ የሚያነሳው እልሁ ነው። የባለቤትነት ሰነዱን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሳታጣሩም ቀብድ አትስጡ። “ይህን ሁሉ ወር ደክሜ” የሚለው ሐሳብ ያለፈውን ድካም አይመልስም፤ የሚያጣድፈው ወደ መጥፎ ቤት ነው።

7. ማረፍ ካስፈለገ ቀን ቆርጣችሁ እረፉ

“ትንሽ ልተወው” ብሎ መተውና “ለሦስት ሳምንት ቆሜ ሰኞ እጀምራለሁ” ማለት ይለያያሉ። የመመለሻውን ቀን ለደላላው ንገሩት። እሱ ይደውላል፣ አታስቡ።

የገዛነው ቤት 23ኛው ነው። ደብተሩ ላይ ስሙ “ጠባቡ ኮሪደር” ይላል፤ ከሥሩ “ሶፋው አያልፍም” ብዬ ጽፌያለሁ። ሶፋውን ሸጥነው። ቤቱን ግን እስከ ዛሬ “ጠባቡ ኮሪደር” ብለን ነው የምንጠራው።