የግድግዳው ሥዕል በነጭ ቀለም ሥር አልጠፋ ሲል

የማወራው በትርዒት አዳራሽ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ተሥሎ፣ ትርዒቱ ሲያልቅ በነጭ ቀለም ስለሚሸፈን ሥዕል ነው። ለመሣል የሚያስፈልጉትን ውሃ ልኩን፣ ሲባጎውን፣ መሰላሉንና የመብራቱን አቅጣጫ ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም።

የምትሥሉበት ከሰል አልይዝ ብሎ ይንሸራተታል? ግድግዳው የሚያብረቀርቅ ቀለም ተቀብቷል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ የማያብረቀርቅ ቀለም አንድ እጅ ቀቡት።

ማስኪንግ ቴፑ ቀለሙን ልጦ ይነሳል? ቀለሙ በደንብ አልደረቀም፣ ወይም ከሥሩ ያለው ስቱኮ (የግድግዳ ማለስለሻው) አቧራው ሳይጠረግ ተቀብቷል።

ግድግዳው ነጭ ዱቄት ይተፋል? እርጥበት አለው። ሌላ ግድግዳ ፈልጉ።

አሁን ደጋግሞ ወደሚያስጠራኝ ልምጣ፦ ትርዒቱ አልቆ ሥዕሉ በነጭ ተሸፍኖ፣ በማግስቱ ተመልሶ የሚወጣው። አንድ አዳራሽ ስደርስ የማርከር ሥዕል ላይ አምስት እጅ ፕላስቲክ ቀለም ተቀብቶበት ነበር። ጥቁሩ መስመር ሐምራዊ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀጣዩ ሠዓሊ ሸራዎቹን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ስድስተኛ እጅ ሊቀቡ ሲሉ ነው ያስቆምኳቸው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የማርከር ቀለም የሚሟሟ ማቅለሚያ ነው። እርጥቡ ነጭ ቀለም ያሟሟዋል፣ ሲደርቅም ይዞት ወደ ላይ ይወጣል። በላዩ ሌላ እጅ ስትጨምሩ እንደገና ታርሱታላችሁ።

መፍትሄው ማገጃ ነው። መስመሩን በስሱ ፈግፍጉት፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ) ወይም የዘይት ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ፣ ስስ አድርጋችሁ፣ ከመስመሩ አንድ መዳፍ ያህል አልፋችሁ ቀቡ። ሲደርቅ ድገሙት። ከዚያ በኋላ ብቻ ፕላስቲክ ቀለሙን ሁለት እጅ። “ፕራይመር” ተብሎ የሚሸጥ ውሃ የበዛበት ነጭ ቀለም ገዝታችሁ ገንዘባችሁን አታቃጥሉ፤ ምንም አያግድም። መስኮት ክፈቱ። ሼላኩ የሚሟሟው በአልኮል ስለሆነ ይቀጣጠላል፤ የቡናው ከሰል ከክፍሉ ይውጣ፣ ሲጋራም እንዲሁ። የሼላኩን ቡርሽም በውሃ አትጠቡ፤ በአልኮል ነው።

ከሰል ከሆነ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ አትንኩት! እባካችሁ። ዱቄቱን ስቱኮው ውስጥ ታሹታላችሁ። በደረቅ ቡርሽ አራግፉ፣ ቀሪውን በላጲስ ወይም በዳቦ ልብ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አንሱ፣ ፊክሳቲቭ (ከሰሉን ባለበት የሚያጸና ፈሳሽ) ርጩበት፣ ከዚያ ቀቡ። አለዚያ ሮለሩ ግድግዳውን በሙሉ ግራጫ ያደርገዋል።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ሶል ለዊት እ.ኤ.አ. በ1968 ኒው ዮርክ የመጀመሪያውን የግድግዳ ሥዕሉን የሠራው በእርሳስ ነበር፤ ከትርዒቱ በኋላ ተቀብቶ ተሸፈነ። ለሚጠፋ ሥዕል ቁሱ ሲመረጥ መጥፋቱም አብሮ ይታሰባል። ድፍን ጥቁር ከፈለጋችሁ አክሪሊክ ቀለም ውሰዱ፤ አንዴ ከደረቀ በነጩ ሥር አይንቀሳቀስም።

ማርከር የግድ ካላችሁ ግን፣ ሥዕሉን ከመጀመራችሁ በፊት ከበር ጀርባ መዳፍ የምታህል ቦታ አጥቁሩ፣ በአዳራሹ ነጭ ቀለም ሸፍኑ፣ ጠዋት ተመልሳችሁ እዩት።