ለተራራ ብስክሌት ሄልሜት ላይ የሚገጠም ካሜራ እንዴት እንምረጥ?

እንጦጦ ላይ ባህር ዛፉን እየሰነጠቁ በብስክሌት መውረድ ምን እንደሚመስል ለሰው በቃል ማስረዳት ከባድ ነው። ካሜራ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ግን ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ኬ ነው?" ብሎ ነው። ኬ የቪዲዮው የምስል ጥራት መለኪያ ነው፤ 4ኬ ሆነ 5.3ኬ ወይም 8ኬ፣ በስልኩ ለሚያይ ወዳጃችሁ ልዩነቱ እምብዛም አይታየውም። ዋናው ጥያቄ ካሜራው ጭንቅላታችሁ ላይ ሲቀመጥ እንዴት ይሆናል የሚለው ነው። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከሱቅ ሳይሆን ከቤት ነው።

1. መጀመሪያ ሄልሜታችሁን እዩት

ሄልሜቱን አውጡና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። አናትን ብቻ የሚሸፍን ነው ወይስ አገጭንም የሚሸፍነው ፉል ፌስ? ካሜራ የሚለጠፍበት ለስላሳ ቦታ አለው ወይስ ዙሪያውን የአየር ቀዳዳ ነው?

ፉል ፌስ ካላችሁ አትጨነቁ፤ ምርጡ ቦታ አገጩ ላይ ነው። ካሜራው ከዓይናችሁ ብዙ ስለማይርቅ ተመልካቹ እናንተ የምታዩትን ያያል። እጃችሁና መሪውም ፍሬሙ ውስጥ ይገባሉ። ፍጥነቱ የሚታወቀው ያኔ ነው። አናት ላይ የተገጠመ ካሜራ ግን ከላይ ወደ ታች ስለሚያይ ልብ የሚሰውረው ቁልቁለት ሜዳ መስሎ ይቀራል። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ሲመጣም ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው።

አናትን ብቻ የሚሸፍን ሄልሜት ከሆነ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚያልፍ ማሰሪያ ያስፈልጋችኋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ሄልሜታችሁ ሚፕስ ያለው ከሆነ ውስጡ በራሱ የሚንሸራተት ስስ ሽፋን አለ። ስትወድቁ ጭንቅላታችሁ ላይ የሚያርፈውን የመጠምዘዝ ኃይል የሚቀንሰው እሱ ነው። ማሰሪያው ይህን ሽፋን ከሄልሜቱ ጋር አጣብቆ መያዝ የለበትም። ካሜራ ለመግጠም ብላችሁም ሄልሜት አትብሱ። ሄልሜቱ የተሠራው ለጭንቅላታችሁ ነው፤ ካሜራው እንግዳ ነው።

2. ክብደቱን በስኳር ሞክሩት

ጎፕሮ ሂሮ 13 ብላክ 159 ግራም ይመዝናል። የዲጄአይ ኦስሞ አክሽን 5 ፕሮ 146 ግራም ነው። ኢንስታ360 ጎ 3ኤስ ደግሞ 39 ግራም ብቻ። ወረቀት ላይ ሲነበብ ሁሉም ቀላል ይመስላል። ጭንቅላት ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት በኩሽና ሚዛን 150 ግራም ስኳር መዝኑ። በትንሽ ላስቲክ ቋጥሩትና ካሜራው ይቀመጥበታል ባላችሁት ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፉት። ሄልሜቱን አድርጋችሁ ደረጃ በሩጫ ውረዱ። ጭንቅላታችሁን ግራና ቀኝ ቶሎ ቶሎ አዙሩ። ሄልሜቱ ተንሸራቶ ቅንድባችሁ ላይ መጣ? ማሰሪያውን አጥብቃችሁ ድገሙት። አሁንም ከመጣ ከባዱ ካሜራ ለእናንተ ሄልሜት አይሆንም።

በእኔ ግምት ፉል ፌስ የሌለው ሰው ትንሿን ካሜራ ቢመርጥ ይሻለዋል። ጉዳቷ ባትሪዋ ነው፤ ለብቻዋ ስትሠራ 40 ደቂቃ እንኳ አትሞላም። ለቁልቁለት ግን ይበቃል።

3. የምትወርዱበት ጫካ ምን ያህል ብርሃን አለው?

ይህን ነጥብ ሰው ይዘለዋል፤ የቪዲዮውን ጥራት የሚወስነው ግን እሱ ነው። ዛሬ ሁሉም ጥሩ ካሜራ ምስል ማረጋጊያ አለው። የምስሉን ጠርዝ በጥቂቱ እየቆረጠ ፍሬሙን ያረጋጋል። ፀሐይ ላይ ተአምር ይሠራል። ዛፍ ውስጥ ስትገቡ ግን ካሜራው በቂ ብርሃን ለመሰብሰብ እያንዳንዱን ፍሬም ረዘም አድርጎ ያነሳል። በዚያች ቅጽበት ጎማችሁ ኮረት ላይ ቢወጣ ምስሉ ይደበዝዛል። ማረጋጊያው ፍሬሙን ያቆመዋል እንጂ የደበዘዘውን አያጠራውም።

መፍትሔው ትልቅ ሴንሰር ነው፤ ሴንሰር ማለት ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል ነው። ሻጩን "ሴንሰሩ ስንት ኢንች ነው?" በሉት። 1/1.3 ካላችሁ ከ1/1.9 ይበልጣል፤ ከመስመሩ በታች ያለው ቁጥር ሲያንስ ሴንሰሩ ይሰፋል። የኦስሞ አክሽን 5 ፕሮና የኢንስታ360 ኤስ ፕሮ 2 ሴንሰሮች 1/1.3 ኢንች ናቸው። የሂሮ 13 ደግሞ 1/1.9 ነው። መንገዳችሁ ገላጣ ከሆነ ይህ ብዙም አያሳስባችሁ። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ጫካ ለጫካ የምትሄዱ ከሆነ ግን ወሳኝ ነው።

4. ባትሪና ሚሞሪ

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጠዋቱ ይበርዳል። ብርድ ደግሞ ባትሪ ይጨርሳል። ትርፍ ባትሪ ያዙና ከጃኬታችሁ የውስጥ ኪስ አስቀምጡት። ዳገቱን አትቅረጹ። ቀስ ብላችሁ ስትወጡ ንፋስ ስለማያገኘው ካሜራው ይሞቃል፤ ቪዲዮውንም ማንም አያየውም።

ሚሞሪ ካርዱ ላይ ቪ30 የሚል ምልክት ፈልጉ። በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። ስለዚህ 128 ጊጋባይት ለአንድ ቀን በቂ ነው። ፎርጅድ ካርድ ገበያው ላይ ሞልቷል። እንደገዛችሁ ቤት ውስጥ ጢም እስኪል ሙሉት፤ ከዚያ የመጨረሻውን ፋይል ክፈቱ። አልከፈት ካለ ቶሎ መልሱት።

5. ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ

ዘመድ ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነ አንድ ነገር ለምኑት። የዲጄአይና የኢንስታ360 ካሜራዎች መጀመሪያ ሲከፈቱ በስልክ መተግበሪያ አክቲቬት መደረግ ይፈልጋሉ። እዚያው ሆኖ ይክፈተው፤ ትንሽ ይቅረጽበት። ችግር ካለ መመለስ የሚቻለው ከመሳፈሩ በፊት ነው።

6. ለጥፉ፣ አስተካክሉ፣ ሞክሩ

የሚለጠፍበትን ቦታ በአልኮል ጥረጉ። ሲደርቅ ተለጣፊውን በአውራ ጣት አጥብቃችሁ ተጫኑትና ለ24 ሰዓት አትንኩት። በዚያው ቀን መውጣት ያጓጓል። ታገሱ፤ ሙጫው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ቆይቶ ነው።

አቅጣጫውን ስታስተካክሉ ቆማችሁ አይሁን። የመጀመሪያ ቀን እኔ መስታወት ፊት ቆሜ ቀጥ አድርጌ አስሬው ነበር። ቤት ገብቼ ስከፍተው ሃያ ደቂቃ ሙሉ የፊት ጎማና ቀይ አፈር ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቁልቁለት ላይ መሪው ላይ ስንደፋ ጭንቅላታችን ያጎነብሳል፤ ዓይናችን ብቻ ነው ቀና የሚለው። ካሜራው ግን ከጭንቅላቱ ጋር አብሮ ያጎነብሳል።

ስለዚህ ብስክሌቱን ሰው ይያዝላችሁ። ውጡበትና ልክ እንደምትወርዱ ተደፉ፤ ሩቅ ተመልከቱ። የያዘላችሁ ሰው የካሜራውን ምስል በስልክ እያየ ያስተካክለው። አድማሱ ከፍሬሙ የላይኛው ሲሶ አካባቢ ይዋል። ከዚያ ብሎኑን አጥብቁና አንድ አጭር ቁልቁለት ብቻ ወርዳችሁ ቁሙ። ቪዲዮውን እዚያው ክፈቱ። የመሪው ጫፍ ከታች፣ መንገዱ መሃል ላይ ከታየ ወደ ረጅሙ ቁልቁለት ቀጥሉ።