ደሴ ላይ በማታ ውሻ ይዞ ለሚወጣ፦ ከእናንተ በፊት ውሻው ይታይ

ደሴ ላይ ውሻ በገመድ ይዞ የሚወጣ ሰው ብዙ አይደለም። እኔ ከሥራ የምገባው አመሻሽ ላይ ነው፣ ውሻዬ ቡቺም ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ስለሚውል ማታ የግድ እንወጣለን። ፀሐይ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ብርሃኑ አይቆይም፣ ወዲያው ድርግም ነው።

ባለፈው ክረምት ቁልቁለት ላይ አንድ ባጃጅ ቡቺን ለጥቂት ሳተው። ሾፌሩ ወርዶ፣ እሱም ደንግጦ፣ «እህቴ፣ አንቺን አይቼሻለሁ፤ ውሻውን ግን ወላሂ አላየሁትም» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ነጠላ ለብሻለሁ፣ ቡቺ ጥቁር ነው፣ ቁመቱም ከጉልበቴ አይበልጥም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ የማስበው እሱ እንዲታይ ነው።

በጣም የሚረዳው በጭነት መኪና ጎንና ኋላ ላይ የሚለጠፈው አንጸባራቂ ቴፕ ነው። የመኪና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ጠይቁ። አንገቱ ላይ ብቻ አታድርጉት፣ ፀጉሩ ይሸፍነዋል። እኔ ያረጀ የቦርሳ ማንገቻ ቆርጬ በደረቱና በጎኖቹ የሚዞር ማሰሪያ ሠራሁለት፣ ቴፑን ለጠፍኩበት፣ ጨርቅ ላይ ሙጫው ቶሎ ስለሚለቅ ዳር ዳሩን በመርፌ ሰፋሁት። የጎኑን ነገር አደራ፤ መንገድ ስታቋርጡ ሾፌሩ የሚያየው የውሻውን ጎን ነው። ለራሳችሁ የቀን ሠራተኞች የሚለብሱት አንጸባራቂ ሰደርያ ይበቃል። ነጭ ጋቢም ከጥቁር ጃኬት በጣም ይሻላል፣ ቴፑን ግን አይተካም።

ቴፕ የራሱ ብርሃን እንደሌለው አትርሱ። የመጣበትን ብርሃን ወደ መጣበት ይመልሳል፣ በቃ። መብራቱ የተቃጠለ ባጃጅ ከመጣ ምንም አያበራም፣ እንዲህ ዓይነት ባጃጅ ደግሞ አይጠፋም። ስለዚህ የእጅ ባትሪ ያዙ፣ ስልክ ቻርጅ ሲጨርስ ጨለማ ውስጥ ይተዋችኋል። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ባትሪውን ወደ እግራችሁ ዝቅ አድርጉት፣ ወደ ፊት ካበራችሁት ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይናችሁ ላይ ይረጨዋል። ጉሙ በጣም ከከበደ ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ብላችሁ ግቡ።

የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚነዳ የሚመጣባችሁን ፊት ለፊት ታያላችሁ። ውሻው በግራ እጃችሁ፣ ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ ይሁን። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይሄዳል፣ ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ብዙ መንገድ በልቷል። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁል የሚለቅ ባጃጅ ደግሞ ድምፅ የለውም፤ የጆሮ ማዳመጫችሁን ቤት ተዉት። ኮምቦልቻ ያላችሁ ተሳቢ የሚያልፍበትን ዋና መንገድ ትታችሁ የውስጥ ለውስጡን ያዙ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ሐረጎ ላይ፣ በማታ በእግር መሄድ፣ ከውሻ ጋርም ያለ ውሻም፣ አይሞከርም።

ገመዱን አሳጥሩት። ጣታችሁ ላይ አትጠምጥሙት፣ ውሻው ድንገት ሲስብ ጣት ይሰበራል፤ መያዣውን በእጅ አንጓችሁ አስገቡና በመዳፋችሁ ጨብጡት።

ይህን ደግሞ ከልቤ ነው የምለው፦ ማታ የምናገኘው ሰው ብዙው ለኢሻ ሶላት ወደ መስጊድ የሚሄድ ነው። ውዱእ አድርጎ (ለሶላት ታጥቦ) የወጣ ሰው የውሻ ምራቅ ልብሱን ከነካው ተመልሶ ማጠብ ሊኖርበት ነው። ሰው ስታዩ ገመዱን ሰብስቡ፣ ጥግ ያዙና ቁሙ፣ «አብሽሩ፣ ይዤዋለሁ» በሉ። መጀመሪያ ላይ መንገድ ይቀይሩብኝ የነበሩ አባቶች አሁን ሰላም ብለውኝ ነው የሚያልፉት።

የመንገድ ውሾች በቡድን ከመጡ አትሩጡ። ውሻችሁን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ራቁ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ማለት ብዙ ጊዜ ይመልሳቸዋል። ከነከሷችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ማታ ጤና ተቋም ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። የራሳችሁንም ውሻ በየዓመቱ አስከትቡ።

ከከተማው ዳር፣ ቆሻሻ ከሚጣልበት ቦታ ራቁ። ጅብ ውሻ ይበላል። ውሻችሁ ድንገት ቆሞ ፀጉሩ ከተነሳና አልሄድም ካለ አትጎትቱት፣ እናንተ ያላያችሁትን እሱ አሽትቶታልና ተመለሱ።

ቤት ስትገቡ ቴፑን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጭቃ የያዘ ቴፕ አያንጸባርቅም። እኔ ከባትሪው ጋር በር ኋላ ሚስማር ላይ እሰቅለዋለሁ፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ በዳበሳ አገኘዋለሁ።