በድሮ የእንግሊዝ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ላይ የሥራ አህጽሮቶችን ማንበብ

በ1841 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የእንግሊዝና የዌልስ ቆጠራ ላይ የምትፈልጉትን ዘመድ ስታገኙ፣ ሥራው ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ፊደል ብቻ ተጽፏል። ቆጣሪዎቹ አንዳንድ ቃላትን እንዲያሳጥሩ መመሪያቸው ራሱ ይፈቅድላቸው ነበር። አስቸጋሪው ነገር አንዱ ፊደል በየዓምዱ ትርጉሙን መቀየሩ ነው። «ኤፍ» በትውልድ ቦታ ዓምድ ላይ ከሆነ ውጭ አገር የተወለደ ማለት ነው፤ በሥራ ዓምድ ላይ «ኤፍ.ኤስ.» ከሆነ ግን ሴት የቤት ሠራተኛ ናት። ስለዚህ ከፊደሉ በፊት የዓምዱን ርእስና የቆጠራውን ዓመት እዩ።

በብዛት የሚያጋጥማችሁ «ኤግ. ላብ.» (Ag. Lab.) ነው፤ የእርሻ ቀን ሠራተኛ። ገበሬ ብላችሁ አትመዝግቡት። እርሻውን የያዘው ሰው «ፋርመር» ይባላል፤ ከ1851 ጀምሮም ስንት ኤከር (የመሬት ስፋት መለኪያ) እንደያዘና ስንት ሰው እንደቀጠረ አብሮ ይጻፋል። «ኢንድ.» (Ind.) ህንድም ኢንዱስትሪም አይደለም፤ ሳይሠራ በራሱ ጥሪት የሚኖር ሰው ነው። «ኤፒ.» (Ap.) ተለማማጅ ነው። «ጄ.» ልምምዱን ጨርሶ በሌላ ሰው ሥር ተቀጥሮ የሚሠራ ባለሙያ ሲሆን፣ ከቀን ሠራተኛ ጋር ማምታታት ያስታል። ከሙያ ስም ቀጥሎ የምትመጣ «ኤም.» «ሠሪ» ማለት ናት፤ «ሹ ኤም.» ጫማ ሠሪ ነው። «ኤም.ኤስ.» ግን ወንድ አገልጋይ ነው።

አንድ መስመር አብረን እንይ፦ «30፣ ኤፍ.ደብሊው.ኬ.»። ብዙ ሰው የእርሻ ሠራተኛ ብሎ ያልፈዋል። በሌስተርሻየር፣ በኖቲንግሃምሻየር ወይም በደርቢሻየር አውራጃ ከሆነ ግን በሹራብ መሥሪያ ማሽን ካልሲ የሚሠራ ሰው ነው። «ኤች.ኤል.ደብሊው.» ደግሞ በእጅ የሚሸምን ሸማኔ ነው፤ በላንክሻየር ፈልጉት። ዕድሜውንም ቃል በቃል አትውሰዱ፤ በ1841 ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች ወደ ቅርቡ የአምስት ብዜት እንዲጠጋጋ ታዝዞ ነበር። ቆጣሪው ትእዛዙን ከጠበቀ ሰውየው ከ30 እስከ 34 ሊሆን ይችላል።

ስትሠሩ በድረ ገጽ ላይ የተተየበውን ስም ዝርዝር ሳይሆን የገጹን ምስል ክፈቱ። የ1841 መዝገብ በእርሳስ የተጻፈ ስለሆነ ደብዝዟል፤ ንፅፅሩን ከፍ አድርጉት። ፊደሉን ሳትተረጉሙ እንዳያችሁት ገልብጡ። ቀጥሎ የዚያኑ ቆጣሪ ጽሑፍ አምስት ስድስት ገጽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አገላብጡ፤ አንዱ ጋ ያሳጠረውን ሌላው ጋ በሙሉ ሊጽፈው ይችላል። «ዲ.ኦ.» (Do.) ካያችሁ «ከላይ እንዳለው» ማለት ነው፤ ሙያ አይደለም። በቃሉ ላይ የተሰመረ ወፍራም መስመር ደግሞ ስረዛ እንዳይመስላችሁ። በኋላ ውጤቱን ያጠቃለሉት ጸሐፊዎች ሲቆጥሩ ያደረጉት ምልክት ነው፤ ፊደል ከሸፈነባችሁ ከሥሩ የሚወጣውን የፊደል ጭራ ተከተሉ።

የሚስት ሥራ ባዶ ሆኖ ስታገኙት አትሠራም ብላችሁ አትደምድሙ። የ1841 መመሪያ ያለ ደመወዝ ባላቸውን ወይም አባታቸውን የሚያግዙ ሚስቶችና ልጆች ሥራቸው ባይጻፍም ይሁን ይላል።

አሁንም ካልተለየላችሁ የዚያኑ ሰው የ1851 መዝገብ አውጡ። በተጨማሪ ከሐምሌ 1837 ወዲህ ያለው የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሙሽራውንም የሁለቱን አባቶችም ሥራ ይይዛል፤ እዚያ ላይ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ሳይቆረጥ ይገኛል።